ምዕራፍ 9፦ ሰርቨሩ ስንት ሰው ይችላል?

የጫና ፍተሻ ፕሮጀክት ለመሥራት የሚያመለክቱ ተማሪዎች ፕሮፖዛላቸውን አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር ይጀምራሉ። «ሰርቨሩን በ10,000 ተጠቃሚ እፈትሻለሁ» ይላሉ። ቁጥሩ ሲተልቅ ሥራውም የተለቀ ይመስላል። እንዲህ ያለ ፕሮፖዛል ሳነብ የምጠይቀው ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚህ 10,000 ሰዎች እነማን ናቸው? ምን ሊያደርጉ መጡ? ሁሉም በአንድ በር ነው የሚገቡት? ገጹ ሲዘገይባቸው ትተው ይሄዳሉ ወይስ ደጋግመው ይጫኑታል? የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ሌሊት ገጽ ሲያድስ ያመሸ ሰው የመጨረሻውን ጥያቄ ክብደት ያውቀዋል፤ መልስ ያጣ ተጠቃሚ ሁሉ አሥር ጊዜ ሲሞክር ጫናው በአሥር ይባዛል። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ፍተሻ ተጠቃሚውን ወደ 100,000 ቢያሳድገውም ስለ ሰርቨሩ የሚነግረን ጥቂት ነው።

ይህን ምዕራፍ የምጽፈው ለሁለት ሰዎች ነው፤ ፕሮፖዛሉን ለሚያዘጋጀው ተማሪና ተማሪውን ይዞ ለመሥራት ለሚያስበው ባለሙያ፣ ማለትም ለሜንተሩ። ከታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በአዋጅ ቁጥር ላይ ካለው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጫና ፍተሻ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ሊጠና የሚገባው ክስተት የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መሸጫ የሆነው የሔልዝኬር ዶት ገቭ አጀማመር ነው። ድረ ገጹ ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ሲከፈት በ36 ክፍለ ግዛቶች የሚኖሩ ሰዎች መድን እንዲገዙበት ታስቦ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ምዝገባቸውን እስከ መጨረሻው ያደረሱት 6 ሰዎች ብቻ መሆናቸውን በኋላ በምክር ቤቱ በኩል የወጡ ሰነዶች አሳይተዋል። ባለሥልጣናቱ እንደተናገሩት በአንድ ጊዜ ይመጣሉ ተብለው የተጠበቁት ከ50,000 እስከ 60,000 ሰዎች ሲሆኑ የመጡት ወደ 250,000 ይጠጋሉ። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ «ከታሰበው በላይ ሰው ስለመጣ ወደቀ» ይላል።

እኔ በዚህ አልስማማም። ከመከፈቱ ቀደም ብሎ በተደረገ ፍተሻ ሥርዓቱ በጥቂት መቶ ተጠቃሚዎች ብቻ ተንገዳግዶ ነበር። 50,000 ሰው ብቻ ቢመጣም ኖሮ ይወድቅ ነበር ማለት ነው። ከዚህም በላይ የሚያስተምረው የሕዝቡ አገባብ ነው። ጎብኚው የመድን ዋጋ ከማየቱ በፊት የግድ አካውንት እንዲከፍት ተወስኖ ነበር። በዚህ ውሳኔ ምክንያት ዋጋ ለማየት ብቻ የመጣው ሰው ሁሉ መታወቂያ ወደሚያጣራው ክፍል ተነዳ፤ መጀመሪያ የታነቀውም ይኸው ክፍል ነው። ገጾቹን በእኩል ድርሻ የሚጎበኙ 50,000 ምናባዊ ተጠቃሚዎች ፈጥሮ የሚፈትሽ ሰው ይህን ማነቆ በተገቢው መጠኑ አያገኘውም ነበር። ሁሉም ሰው አንድ በር ላይ መጀመሪያ እንደሚቆም ጠይቆ የተረዳ ሰው ግን በትንሽ ላፕቶፕም ቢሆን ያገኘዋል። ጥገናው ሳምንታት ፈጅቶ በኖቬምበር መጨረሻ ገጹ 50,000 ሰው በአንድ ጊዜ ማስተናገድ እንደቻለ ተገለጸ። ካዳኑት ባለሙያዎች አንዱ፣ ከጉግል የመጣው ማይኪ ዲከርሰን፣ በ2014 የተቋቋመው የአሜሪካ ዲጂታል አገልግሎት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነ።

ተማሪና ሜንተር የሚገናኙበት በር ብዙ ነው፤ በሰፊው የሚታወቀው ግን ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ ነው። በ2005 ወደ 400 በሚጠጉ ተማሪዎች ተጀመረ። ኦፕን ሶርስ ድርጅቶች የፕሮጀክት ሐሳብ ያቀርባሉ፣ አመልካቹ ፕሮፖዛል ይጽፋል፣ የተመረጠው ከሜንተር ጋር ወራት ይሠራል፣ ክፍያውን ጉግል ይሸፍናል። ከ2022 ጀምሮ ዕድሜው 18 የሞላ ለኦፕን ሶርስ አዲስ የሆነ ሰው ሁሉ፣ ተማሪ ባይሆንም፣ ማመልከት ይችላል። ፕሮጀክቶቹ በሰዓት ይለካሉ፤ 90፣ 175 ወይም 350። ለጫና ፍተሻ 90 ሰዓት ይጠባል። ለምን እንደሆነ ወደፊት ስንሄድ ይታያል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሥራ። ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ኦፕን ሶርስ የጤና መረጃ ሥርዓት ነው። በብዙ አገሮች ይሠራል፤ በኢትዮጵያም ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ሪፖርታቸውን ያስገቡበታል፣ የኛንም የዘመን አቆጣጠር ያውቃል። በጃቫ የተጻፈ ነው፤ በቶምካት ላይ ይሮጣል፣ መረጃውን በፖስትግሬስ ያስቀምጣል። እንዲህ ያለ ሥርዓት የሚፈተነው ሪፖርት በሚዘጋበት ቀን ነው፤ በሌላው ቀን ያዛጋል።

አሁን ከ«10,000 ተጠቃሚ» ይልቅ እንደዚህ እናስብ። ለስሌት ያህል 3,000 ተቋማት በመጨረሻዎቹ 2 ሰዓታት ውስጥ ሪፖርት ያስገባሉ እንበል። አንድ ሪፖርት ከመግቢያ እስከ ማረጋገጫ 40 ጥያቄዎችን ወደ ሰርቨሩ ይልካል እንበል። ጠቅላላው 120,000 ጥያቄ ነው። በ7,200 ሴኮንድ ሲካፈል በሴኮንድ 17 ገደማ ይሆናል። ይህን ቁጥር መጀመሪያ የሚያይ ተማሪ ያንሰዋል፤ ማንኛውም ላፕቶፕ የሚችለው ይመስለዋል። ነገር ግን ሰው በሁለቱ ሰዓት ላይ እኩል ተከፋፍሎ አይመጣም። ሲሶው በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ቢመጣ 40,000 ጥያቄ በ600 ሴኮንድ፣ ማለትም በሴኮንድ 67 ያህል ይደርሳል።

እዚህ ላይ በኋላ የኤም አይ ቲ ፕሮፌሰር የሆነው ጆን ሊትል በ1961 ያረጋገጠው ቀላል ሕግ ይረዳናል። በማንኛውም የተረጋጋ ሥርዓት ውስጥ በአማካይ የሚገኙት ሰዎች ብዛት፣ በሴኮንድ የሚመጡት ብዛት በእያንዳንዱ የቆይታ ጊዜ ሲባዛ ነው። በሴኮንድ 67 ጥያቄ መጥቶ እያንዳንዱ 0.3 ሴኮንድ ቢወስድ በሰርቨሩ ውስጥ በአንድ ጊዜ 20 ጥያቄዎች አሉ። ሰላም ነው። የምላሽ ጊዜው ወደ 3 ሴኮንድ ቢያድግስ? 201 ይሆናሉ። ቶምካት ካልተነካ በቀር በአንድ ጊዜ የሚያሠራው 200 ትሬድ ነው፤ ፖስትግሬስ ደግሞ ካልተቀየረ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 100 ግንኙነት ነው። የመጣው ሰው ቁጥር ምንም ሳይጨምር፣ መዘግየቱ ብቻ ሰርቨሩን ከጣሪያው ጋር አጋጨው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውጭ ይቆማል፣ ይሰለቻል፣ እንደገና ይጫናል።

0.3 ሴኮንድ እንዴት 3 ሴኮንድ ይሆናል? ይህን ጥያቄ የኮፐንሃገን ቴሌፎን ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው ዴንማርካዊ የሒሳብ ሰው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ፣ ኮምፒውተር ከመፈጠሩ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ስለ ስልክ ጥሪዎች ጠይቆት ነበር፤ የመጀመሪያ ጽሑፉ በ1909 ወጣ። ከእርሱ በተወለደው የወረፋ ሒሳብ፣ በጣም ቀላል በሆነው ሞዴል፣ አንድ አገልጋይ ግማሽ ጊዜውን ሥራ ላይ ከሆነ ተገልጋዩ የሚቆየው ሥራው ብቻውን ከሚወስደው እጥፍ ነው። 90 በመቶ ሲያዝ አሥር እጥፍ፣ 95 በመቶ ሲያዝ ሃያ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሰርቨር ቀስ በቀስ አይደክምም። ለረጅም ጊዜ ደህና ይመስላል፣ ከዚያ በጠባብ ርቀት ውስጥ ይወድቃል። ጥሩ ፕሮፖዛል ይህን ጠባብ ርቀት ለመፈለግ ቃል ይገባል፤ ጫናው በደረጃ ከፍ ይላል፣ በየደረጃው ቆም ተብሎ ይለካል፣ መስመሩ መታጠፍ የጀመረበት ቦታ ይመዘገባል።

አሁን ወደምወደው ርእሰ ጉዳይ ደረስን። ብዙ የፍተሻ መሣሪያዎች በተፈጥሯቸው ለሰርቨሩ ያዳላሉ። የአዙል ሲስተምሱ ጊል ቴኔ ለዚህ ጉድለት ስም ሰጥቶ በየመድረኩ አስተምሮበታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ምናባዊው ተጠቃሚ ጥያቄ ይልካል፣ መልስ ይጠብቃል፣ መልስ ሲያገኝ ብቻ ቀጣዩን ይልካል። ሰርቨሩ ሲቆም ተጠቃሚውም አብሮ ይቆማል። እውነተኛ ሕዝብ ግን የታክሲ ሰልፍ ነው፤ ታክሲው ቀረም መጣም ሰው መምጣቱን አያቋርጥም።

በቁጥር እንየው። ፍተሻው 60 ሴኮንድ ይቆያል፣ በሴኮንድ 10 ጥያቄ ይላካል፣ አንዱ ጥያቄ 0.01 ሴኮንድ ይወስዳል። መሃል ላይ ሰርቨሩ ለ20 ሴኮንድ ይደነዝዛል፤ የጃቫ ሜሞሪ ጽዳት ወይም የተቆለፈ የዳታቤዝ ሰንጠረዥ እንዲህ ሊያደርገው ይችላል። መልስ ጠብቆ የሚልከው መሣሪያ 400 ፈጣን ምላሽና 1 ዘገምተኛ ምላሽ ይመዘግባል። አማካዩ 0.06 ሴኮንድ ነው። ከመቶ 99 ሰው በ0.01 ሴኮንድ ተስተናገደ ይላል ሪፖርቱ። እውነተኛው ሕዝብ ቢሆን ኖሮ በእነዚያ 20 ሴኮንዶች ውስጥ 200 ጥያቄዎች ይመጡ ነበር፤ የመጀመሪያው 20 ሴኮንድ፣ የመጨረሻው ከዜሮ ጥቂት ከፍ ያለ ጊዜ፣ በአማካይ ወደ 10 ሴኮንድ ይጠብቁ ነበር። ከ600 ሰው ሲሶው ተጉላልቷል። የሁሉም አማካይ ከ3.3 ሴኮንድ ይበልጣል። አንድ ሰርቨር፣ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ሪፖርት፤ በመካከላቸው ከ50 እጥፍ በላይ ልዩነት። ተማሪው በፕሮፖዛሉ ውስጥ «ጥያቄዎቹ በተያዘላቸው ሰዓት ይላካሉ፤ የምላሽ ጊዜ የሚቆጠረውም ሊላክ ከታሰበበት ቅጽበት ነው» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጽፍ፣ እኔ ሜንተር ብሆን የቀረውን ሳላነብ ላነጋግረው እፈልጋለሁ።

መሣሪያውን በተመለከተ ብዙ አልልም። አፓቺ ጄሜትር ከ1998 ጀምሮ አለ፣ መማሪያው ብዙ ነው። ሎከስት በፓይተን ይጻፋል፣ ጋትሊንግና ኬ6 ስክሪፕታቸው ከኮዱ ጋር አብሮ ለመቀመጥ ይመቻል። ሱንግ የተጻፈው፣ እንደ አጋጣሚ፣ በዚያው ዴንማርካዊ ስም በተሰየመው ኤርላንግ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ፕሮጀክቱ ራሱ የሚጠቀምበት ካለ እሱን መውሰድ ይሻላል፤ ተማሪው ከሄደ በኋላ የሚጠግነው ሰው ይገኛልና። ሦስት ገጽ መሣሪያ ለማወዳደር የሚያውል ፕሮፖዛል ግን ቦታውን አባክኗል።

የሥራው ዋና ክፍል ምን መምሰል እንዳለበት ለማሳየት፣ የፕሮፖዛል አንድ አንቀጽ ጽፌ ላስቀምጥ፦

«ሪፖርት በሚዘጋበት ቀን የምላሽ ጊዜው የሚታጠፍበትን ደረጃ እፈልጋለሁ። ከሜንተሬ ጋር የአንድ ተቋም ሪፖርት ከመግቢያ እስከ ማረጋገጫ የሚልካቸውን ጥያቄዎች ከሰርቨሩ ሎግ እለያለሁ። ዳታቤዙን የአምስት ዓመት ሪፖርት በሚያህል ሰው ሠራሽ መረጃ እሞላለሁ፤ የታካሚ መረጃ አልጠቀምም። ጫናውን በሴኮንድ ከ10 ጥያቄ ጀምሬ በየ10 ደቂቃው ከፍ አደርጋለሁ። በየደረጃው የምላሽ ጊዜውን መካከለኛ ዋጋ፣ 99ኛውን ፐርሰንታይል፣ የስሕተቱን ብዛት፣ የሲፒዩና የዳታቤዝ ግንኙነቱን ይዞታ እመዘግባለሁ። አንዱ ፍተሻ ሦስት ጊዜ ተደግሞ ተቀራራቢ ውጤት ካልሰጠ ወደሚቀጥለው አልሄድም።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ የዳታቤዙ መሞላት ትንሽ ዝርዝር ይመስላል። ነገር ግን ባዶ ዳታቤዝ ሁልጊዜ ፈጣን ነው። ኢንዴክስ የሌለው ሰንጠረዥ መቶ ረድፍ ሲኖረው ማንም አያስተውለውም፤ አሥር ሚሊዮን ሲሞላ ሰርቨሩን ይዞ ይሰምጣል። እንዲሁም ምናባዊዎቹ ተጠቃሚዎች ሁሉ የአንድ ጤና ጣቢያን ገጽ ከጠየቁ መልሱ ከካሽ ይወጣል፤ የተለካው ካሹ ነው፣ ሥርዓቱ አይደለም።

ሜንተሩስ? የሜንተር ትልቁ አገልግሎት የመጀመሪያውን ያማረ ግራፍ አለመቀበል ነው ብዬ አምናለሁ። ተማሪ በሁለተኛው ሳምንት «ሰርቨሩ በሴኮንድ ከ470 በላይ አዲስ ግንኙነት አይችልም» ብሎ ሊመጣ ይችላል። ቁጥሩ ተደጋግሞ ያው ነው፣ መስመሩ ጠፍጣፋ ነው፣ ግኝት ይመስላል። ልምድ ያለው ሜንተር ግን የሰርቨሩን ሲፒዩ ይጠይቃል፤ 20 በመቶ ብቻ ተይዞ ካገኘው ጥርጣሬው ወደ ተማሪው ማሽን ይዞራል። ሊነክስ ካልተቀየረ በቀር ወደ ውጭ ለሚከፍተው ግንኙነት ከ32768 እስከ 60999 ያሉትን ፖርቶች ይጠቀማል፤ 28,232 ናቸው። ግንኙነቱን ቀድሞ የሚዘጋው ጫና አመንጪው ማሽን ከሆነ፣ የተዘጋው ፖርት ለ60 ሴኮንድ ታግዶ ይቆያል። 28,232 ለ60 ሲካፈል 470 ይመጣል። ተማሪው የለካው የራሱን ላፕቶፕ ነው። ይህን አንድ ጊዜ በራሱ እጅ ያገኘ ወጣት፣ ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ቁጥር ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ አያልፍም። የሜንተርነት ፍሬ ለእኔ ይኸው ነው፤ የትኛውም የቪዲዮ ትምህርት አይተካውም።

ለዚህ ግን ሜንተሩ ጊዜ መስጠት አለበት። በሳምንት አንድ ቋሚ ውይይት፣ ለተላከ ኮድ በሁለት ቀን ውስጥ አስተያየት፤ ከዚህ ያነሰ ከሆነ ተማሪው ብቻውን ነው። ማሽንም ማዘጋጀት አለበት። ጫና አመንጪውና ሰርቨሩ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሲሮጡ ለሲፒዩ ይሻማሉና ውጤቱ አይታመንም። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ሆኖ የሚሠራ ተማሪ ደግሞ ፍተሻውን በቤቱ ኢንተርኔት በኩል ቢያደርግ የሚለካው የኔትወርኩን ጠባይ ይሆናል፤ መብራት ሲጠፋም የሦስት ሰዓት ፍተሻ መሃል ላይ ይቋረጣል። መፍትሔው ሁለቱንም ማሽኖች በአንድ ዳታ ሴንተር አስቀምጦ፣ ተማሪው ትእዛዝ ብቻ እንዲልክና ውጤት ብቻ እንዲያወርድ ማድረግ ነው። ተማሪው ይህን በፕሮፖዛሉ ላይ በግልጽ መጠየቅ አለበት፤ ማፈር አይገባውም።

በሰው ሰርቨር ላይ መፈተሽ ክልክል ነው። ባለቤቱ ሳይፈቅድ የተላከ ጫና ከጥቃት የሚለይበት መንገድ የለም፤ በኢትዮጵያም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኮምፒውተር ሥርዓትን ያለ ፈቃድ ማወክን በወንጀል ያስጠይቃል። ሕያው ሥርዓት ላይ መሞከር ካስፈለገ በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ፣ የታወቀ ሰዓትና ፍተሻውን በቅጽበት የሚያቆም ሰው ያስፈልጋል።

የጊዜ ሰሌዳውን በተመለከተ፣ በ175 ሰዓት ፕሮጀክት ውስጥ ወደ ሲሶው የሚሄደው አካባቢውን በማዘጋጀትና ውጤቱ እንዲደገም በማድረግ ላይ ነው። ተማሪዎች ለዚህ አንድ ሳምንት ይመድቡና በአራተኛው ሳምንት ይጨነቃሉ። 90 ሰዓት ይጠባል ያልኩት ለዚህ ነው፤ ማዘጋጀቱ ሲያልቅ ሰዓቱም ያልቃል። ማነቆ ፈልጎ ማግኘት ሌላ ሲሶ ይወስዳል። ማነቆውን መፍታት ግን በፕሮፖዛል ቃል ሊገባበት አይገባም። ምናልባት አንድ ኢንዴክስ በመጨመር በአንድ ከሰዓት ይፈታል፤ ምናልባት የሥርዓቱን ግማሽ እንደገና መጻፍ ይጠይቃል። ከመለካት በፊት ማንም አያውቅም። ሰመር ኦፍ ኮድ በመሃልና በመጨረሻ ሜንተሩ ተማሪውን የሚገመግምበት ጊዜ አለው፤ ስለዚህ ማለፍና መውደቅ በምን እንደሚለካ አስቀድሞ መጻፍ ተማሪውን ይጠብቀዋል። «ፍጥነቱን በእጥፍ አሳድጋለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው በደንብ ለክቶ፣ ማነቆውን በትክክል አሳይቶም ሊወድቅ ነው። «የሚታጠፍበትን ደረጃ አገኛለሁ፣ ምክንያቱን በማስረጃ አሳያለሁ» ያለው ግን ሐቀኛ ውል ፈርሟል።

የቀረው ሲሶ ለርክክብ ነው። ስክሪፕቱ ከፕሮጀክቱ ኮድ ጋር በአንድ ቦታ ይቀመጣል፤ አዲስ ሥሪት ሊወጣ ሲል በራሱ ይሮጣል፤ 99ኛው ፐርሰንታይል ካለፈው ሥሪት በተወሰነ መጠን ከባሰ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ይህ ካልሆነ ተማሪው ከሄደ ከስድስት ወር በኋላ የመግቢያው ገጽ ይቀየራል፣ ስክሪፕቱ መሥራት ያቆማል፣ ማንም አይጠግነውም። ስለዚህ የፕሮፖዛሉ የመጨረሻ ክፍል ስለ አንድ ሰው ቢሆን እመርጣለሁ፤ ከፕሮጀክቱ ቋሚ አባላት መካከል ፍተሻውን የሚረከበው ማን እንደሆነ፣ ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ ከተማሪው ጋር አብሮ እንደሚያስኬደው፣ በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ተማሪው እጁን ሳያስገባ ብቻውን እንደሚያስኬደው ይጻፍ።